«ልጅሽን አታስከትቢ» ያለችኝን እህቴን ምን ልበላት?

ጥያቄ፦ «ውድ የዓምዱ አዘጋጅ፣ የ12 ዓመት ሴት ልጅ አለችኝ። የማህፀን በር ካንሰር መከላከያ ክትባት ሊሰጥ መሆኑን የሚገልጽ ወረቀትና የወላጅ ፈቃድ መስጫ ቅጽ ከትምህርት ቤት ይዛ መጣች፤ ፈርሜ የምመልሰው በሁለት ሳምንት ውስጥ ነው። ባለቤቴ ‹አንቺ ያመንሽበትን አድርጊ› ብሎ ለእኔ ተወው። እንደ እናት ሆና ያሳደገችኝ ታላቅ እህቴ ግን ‹አዲስ ክትባት ነው፣ ማህፀን ያመክናል፣ ልጅሽን መሞከሪያ አታድርጊያት› ትለኛለች። እሷ የመጀመሪያ ልጇ በወሊድ ላይ ከሞተባትና ለምን እንደሞተ የሚነግራት ሰው ካጣች ወዲህ ሐኪም ቤት የሚባል ነገር አትወድም። በስልኬ የሚደርሱኝ ቪዲዮዎችም ያስፈራሉ። ብፈርም ልጄን አደጋ ላይ የጣልኩ፣ ባልፈርም አደራዬን የበላሁ እየመሰለኝ እንቅልፍ አጣሁ። ልጄ ራሷ ‹እማዬ፣ ይሄ ነገር ለምንድን ነው?› ብላ ስትጠይቀኝ የምመልስላት አልነበረኝም። ምን ላድርግ? እህቴንስ ሳላስቀይም እንዴት ልወጣው?»
እንቅልፍ ያጣሁ እናት

መልስ፦ የተከበሩ እናት፣

ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብሁት። ከሁሉ አስቀድሜ ልነግርዎ የምፈልገው፣ ማመንታትዎ የሚያሳፍር ነገር አለመሆኑን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 የዓለምን ጤና የሚያሰጉ ብሎ ከዘረዘራቸው 10 ነገሮች አንዱ በክትባት ላይ ማመንታት ስለነበር፣ «እስቲ ልጠይቅ» ያለ ወላጅ ሁሉ እንደ ተከሳሽ የሚታይበት ጊዜ አለ። ይህ አመለካከት ትክክል አይመስለኝም። ክትባትን ያለ አንዳች ጥያቄ በሚቀበልና ጨርሶ በማይቀበል ሰው መካከል ሰፊ ቦታ አለ፤ በዚያ ቦታ ላይ እየፈራም ቢሆን የሚያስከትብ፣ «ትንሽ ልቆይና የሌሎቹን ልይ» የሚል፣ የለመደውን ክትባት ተቀብሎ አዲሱን ብቻ የሚጠራጠር፣ እንደ እርስዎም ብዕር ይዞ ቅጹ ላይ ዓይኑን ተክሎ የሚቀር ሰው ይገኛል። እንዲህ ያለውን ሰው ወደ አንዱ ወገን የሚወስደው አብዛኛውን ጊዜ የትምህርቱ ደረጃ ሳይሆን፣ ጥያቄውን ሳይንቅ የሚመልስለት ሰው ማግኘቱ ወይም ማጣቱ ነው።

እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ስለ ልጅዎ ጤና የመጨረሻውን ቃል የሚነግርዎት እሷን አይቶ የሚመረምር ባለሙያ ነው። ይሁን እንጂ ምክር ለጠየቀኝ ሰው አቋሜን ደብቄ ዙሪያውን መሄድ አልወድም። ልጄ ብትሆን ቅጹን እፈርም ነበር። ለምን እንደምፈርም ካስረዳሁዎት በኋላ ወደ እህትዎ ጉዳይ እመለሳለሁ፤ ደብዳቤዎን ሳነብ ከክትባቱ ይልቅ የከበደኝ እሱ ነውና።

በልጅዎ ጥያቄ ልጀምር። ክትባቱ የሚከላከለው ሂዩማን ፓፒሎማ ቫይረስ፣ በአጭሩ ኤች ፒ ቪ የሚባለውን ቫይረስ ነው። ቫይረሱ ብዙ ዓይነት ያለው፣ በዋናነት በግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚተላለፍና እጅግ የተስፋፋ በመሆኑ፣ አብዛኛው ሰው በሕይወት ዘመኑ አንድ ጊዜ ሳያገኘው አይቀርም፤ የብዙዎቹ ሰውነት ደግሞ ለባለቤቱ እንኳ ሳይታወቅ ያጠፋዋል። በአንዳንድ ሴቶች ላይ ግን ለዓመታት ይቆይና የማህፀን በር ሕዋሳትን ቀስ በቀስ ይለውጣል። ለውጡ ወደ ካንሰር እስኪደርስ አብዛኛውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ዓመት ስለሚፈጅ፣ በሽታው ብዙ ጊዜ ብቅ የሚለው ሴቲቱ ልጆቿን በማሳደግ ላይ ባለችበት ዕድሜ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ብቻ በዓለም ዙሪያ ወደ 350,000 የሚጠጉ ሴቶች በዚህ ካንሰር ሞተዋል። ከበሽታው ከመቶ 70 ያህሉን የሚያመጡት ዓይነት 16 እና ዓይነት 18 የተባሉት ቫይረሶች ሲሆኑ፣ በአገልግሎት ላይ ያሉት ክትባቶች ሁሉ እነዚህን ሁለቱን ይከላከላሉ።

ለ12 ዓመት ልጅ ይህን ሁሉ መዘርዘር አያስፈልግም። «ትልቅ ሴት ስትሆኚ ሊይዝሽ የሚችል ከባድ በሽታ አለ፤ ሰውነትሽ ጠላቱን ከአሁኑ አውቆ እንዲዘጋጅ ነው» ቢሏት እውነቱን ነግረዋታል። ክትባቱ ከ9 እስከ 14 ዓመት ባለው ዕድሜ የሚመከረውም ለዚሁ ነው፤ በይበልጥ የሚጠቅመው ቫይረሱ ወደ ሰውነት ከመግባቱ በፊት ሲሰጥ ሲሆን፣ በዚህ ዕድሜ የሚገነባው የመከላከል አቅምም ጠንካራ ነው። አንዳንድ ወላጆች ክትባቱ ለልጅቱ ያለ ዕድሜዋ ፈቃድ የሰጣት እንዳይመስላት ይሰጋሉ። በተለያዩ አገሮች ይህንኑ የመረመሩ ጥናቶች፣ የተከተቡ ልጆች ካልተከተቡት ቀድመው ግንኙነት እንደሚጀምሩ የሚያሳይ ነገር አላገኙም።

«አዲስ ነው» ወደሚለው ልለፍ። ለእርስዎ ቤት አዲስ መሆኑ እውነት ነው፤ ሰው ደግሞ የማያውቀውን ነገር ወደ ልጁ ገላ ከማስገባቱ በፊት ቢያመነታ ተፈጥሮው ነው። ክትባቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የተፈቀደው ግን እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። ያኔ በልጅዎ ዕድሜ ሆነው የተከተቡት ልጃገረዶች ዛሬ 30 ዓመት ያለፋቸው ሴቶች ናቸው። በስዊድን ወደ 1.7 ሚሊዮን የሚጠጉ ልጃገረዶችንና ሴቶችን የጤና መዝገብ ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ2020 ይፋ የሆነ ጥናት፣ ከ17 ዓመታቸው በፊት በተከተቡት ላይ የማህፀን በር ካንሰር ካልተከተቡት በ88 ከመቶ ቀንሶ አግኝቶታል። በመሆኑም ልጅዎ የመጀመሪያዋ አይደለችም፤ ከእሷ በፊት በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች አልፈውበታል፤ ምን እንደሆኑም ተመዝግቧል።

«ማህፀን ያመክናል» የሚለው ፍርሃት ከሁሉም ይበልጥ የሚያሳስበኝ ነው፤ ምክንያቱም የሚነካው አንዲት እናት ለልጇ የምትመኘውን ትልቁን ነገር ነው። በክትባቱ ውስጥ ሕይወት ያለው ቫይረስ የለም። ያለው የቫይረሱን የውጭ ቅርፊት የሚመስል ፕሮቲን ብቻ ስለሆነ፣ ሊራባም ሆነ በሽታውን ሊያስይዝ አይችልም። የተከተቡና ያልተከተቡ ሴቶችን ያነጻጸሩ ጥናቶችም ክትባቱ መካንነት እንደሚያስከትል የሚያሳይ ነገር አላገኙም። አንድ ነገር ግን እህትዎ ሳይሰሙት የቀሩ ይመስለኛል፦ የመውለድ ተስፋን በእርግጥ የሚያሳጣው ካንሰሩ ራሱና ሕክምናው ነው። በሽታውን ለማከም ብዙ ጊዜ ማህፀን በቀዶ ሕክምና ይወጣል፤ የጨረር ሕክምናውም እንቁላል ዕጢዎችን ይጎዳል። እህትዎ የሚፈሩት ለማህፀኗ ከሆነ፣ እኔም የምፈራው ለዚያው ነው።

ጉዳት የለውም ማለቴ ግን አይደለም። የተወጋው ክንድ ሊያም፣ ሊቀላና ሊያብጥ ይችላል፤ ራስ ምታት ወይም ቀለል ያለ ትኩሳትም ያጋጥማል፤ እነዚህ በቀናት ውስጥ ያልፋሉ። በዚህ ዕድሜ ያሉ ልጆች ከማንኛውም መርፌ በኋላ ራሳቸውን የሚስቱበት ጊዜ ስላለ፣ ከተከተቡ በኋላ 15 ደቂቃ ያህል ቁጭ ብለው እንዲቆዩ ይደረጋል። ከባድ የአለርጂ መቆጣት እጅግ አልፎ አልፎ የሚታይ ቢሆንም አለ፤ ልጅዎ ከዚህ ቀደም ከክትባት በኋላ ክፉኛ ታማ የምታውቅ ከሆነ፣ ወይም ለእርሾ አለርጂ ካለባት፣ ከመፈረምዎ በፊት ለባለሙያው መንገር ይኖርብዎታል።

«ክትባት አንድም ቀን ጉዳት አድርሶ አያውቅም» የሚልዎ ሰው ቢኖር ግን አይመኑት። እ.ኤ.አ. በ1955 በአሜሪካ አዲሱን የፖሊዮ ክትባት በደስታ በተቀበለው ሕዝብ መካከል፣ አንድ አምራች ባዘጋጃቸው ክትባቶች ውስጥ በሚገባ ያልሞተ ቫይረስ ቀርቶ ልጆችን ሽባ አድርጓል፤ የሞቱም ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1998 የተፈቀደው የመጀመሪያው የሮታ ቫይረስ (ሕፃናትን በብርቱ ተቅማጥ የሚያሠቃይ ቫይረስ) ክትባትም በተከተቡ ጥቂት ሕፃናት ላይ አንጀት ወደ ራሱ ውስጥ ገብቶ የሚታጠፍበት አደገኛ ችግር ስላስከተለ በዓመቱ ከአገልግሎት ወጥቷል። ይህን የምነግርዎ ላስፈራዎ አይደለም። የሮታ ቫይረሱ ችግር ወደ 10,000 ከሚጠጉ ሕፃናት በአንዱ ላይ የሚደርስ ሆኖ ሳለ እንኳ ተይዟል፤ የያዘውም ክትባት ከተፈቀደ በኋላ የሚደረገው ክትትል ነው። ከእሱ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2006 አካባቢ የመጡት ሁለት የሮታ ቫይረስ ክትባቶች እያንዳንዳቸው ከመፈቀዳቸው በፊት ከ60,000 በላይ ሕፃናት በተሳተፉበት ሙከራ እንዲያልፉ የተደረገውም በዚያ ትምህርት ነው። እኔን የሚያሳምነኝ «ምንም አይሆንም» የሚል ቃል ሳይሆን፣ ጥፋት ሲገኝ ወጥቶ የሚነገርበትና ክትባቱ የሚቆምበት አሠራር መኖሩ ነው።

ባለመፈረም ከውሳኔው የሚያመልጡ ከመሰለዎትም በጃፓን የሆነውን ልንገርዎ። እ.ኤ.አ. በ2013 ይህ ክትባት በአገሪቱ መደበኛ ፕሮግራም ውስጥ እንደገባ፣ አንዳንድ ልጃገረዶች ብርቱ የሰውነት ሕመምና የመንቀሳቀስ ችግር እንደገጠማቸው የሚያሳዩ ዘገባዎች በቴሌቪዥን ተሠራጩ። መንግሥት ክትባቱን ባይከለክልም ወላጆችን «አስከትቡ» ብሎ ማሳሰቡን አቆመ። ከመቶ 70 ገደማ የነበረው የተከታቢዎች ቁጥር ከመቶ 1 በታች ወረደ። በናጎያ ከተማ ወደ 30,000 የሚጠጉ ወጣት ሴቶችን የጠየቀ ጥናት፣ ተሠራጭተው የነበሩት ሕመሞች በተከተቡት ላይ ካልተከተቡት በልጠው እንዳልታዩ አሳየ። ማሳሰቢያው የተመለሰው ግን እ.ኤ.አ. በ2022 ነው። በመካከል ባሉት ዓመታት ጊዜው ያለፈባቸው ልጃገረዶች፣ ከእነሱ ማንም «አልከተብም» ብሎ ሳይወስን፣ እናቶቻቸው «ትንሽ እንቆይ» ስላሉ ብቻ ያልተከተቡ ሆነው አድገዋል። የልጃገረዶቹ ሕመም ውሸት ነበር አልልም፤ የታመመ ሰው ታሟል፤ ሕመሙን ያመጣው ክትባቱ ነው የሚለው ነው ሲመረመር ያልቆመው።

አሁን ወደ እህትዎ ልምጣ። በደብዳቤዎ መካከል በአንድ ዓረፍተ ነገር ያለፉት ነገር አለ፦ የመጀመሪያ ልጃቸው በወሊድ ላይ ሞተ፣ ለምን እንደሞተም ማንም አልነገራቸውም። የእህትዎ ተቃውሞ ሥሩ እዚያ ያለ ይመስለኛል። ስለ ቫይረስ ቢያስረዷቸው፣ የስዊድኑን ቁጥር ቢጠሩላቸው፣ የእሳቸው ጥያቄ ስለ ቫይረስ ስላልሆነ መልስ አይሆናቸውም። የእሳቸው ጥያቄ «እነዚህ ሰዎች ልጄን ሲያጡብኝ አንዲት ቃል ያልነገሩኝ፣ የእህቴ ልጅ ብትጎዳ ይነግሩኛል?» የሚል ነው። ይህን የጠየቀ ሰው አላዋቂ ሊባል አይገባውም። የተጎዳ ሰው ነው።

በአንድ ቤተሰብ የሚሆነው በአንድ ሕዝብም ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2003 በሰሜን ናይጄሪያ፣ በተለይም በካኖ፣ የፖሊዮ ክትባት ያመክናል የሚል ወሬ ተነሥቶ ክትባቱ ለወራት ተቋረጠ፤ ቫይረሱም ከዚያ ተነሥቶ ከፖሊዮ ነጻ ሆነው ወደ ነበሩ በርካታ አገሮች ተዛመተ። ከውጭ ሆኖ ለሚያይ ሰው ነገሩ ባዶ አሉባልታ ይመስላል። ነገር ግን በዚያው በካኖ እ.ኤ.አ. በ1996፣ በማጅራት ገትር ወረርሽኝ ጊዜ፣ አንድ የውጭ መድኃኒት ኩባንያ በታመሙ ሕፃናት ላይ ያካሄደው የመድኃኒት ሙከራ «ፈቃዳችንን በወጉ አልጠየቀንም» በሚሉ ወላጆች ዘንድ ከባድ ቁስል ትቶ ነበር። ሰዉ ስለ ፖሊዮ ክትባት የተሳሳተ ነገር ቢያምንም፣ ያለ ምክንያት አልተጠራጠረም። ክትባቱ የተመለሰውም ሕዝቡን በመስደብ አልነበረም። የአካባቢው መሪዎች የሚያምኑት ክትባት፣ ከኢንዶኔዥያ፣ መጥቶና ተፈትሾ፣ እነሱው ራሳቸው «ይሁን» ብለው ለሕዝባቸው ሲናገሩ ነው።

ከአየርላንድም አንድ ነገር ላንሣ። እዚያም በተመሳሳይ ፍርሃት የኤች ፒ ቪ ክትባት ተቀባዮች ቁጥር ወደ ግማሽ ገደማ አሽቆልቁሎ ነበር። ላውራ ብሬናን የተባለች ወጣት በ24 ዓመቷ የማህፀን በር ካንሰር ተገኘባት፤ መዳን እንደማይቻል ሲነገራት በራሷ ፈቃድ ወደ ጤና ባለሥልጣናቱ ቀርባ የወላጆችን ዓይን እያየች ታሪኳን ተናገረች። እ.ኤ.አ. በ2019 በ26 ዓመቷ ስታርፍ ቁጥሩ እያንሰራራ ነበር። የጤና ተቋማቱ መረጃ ከእሷ በፊትም ነበረ፤ ወላጆች የሰሙት ግን የራሳቸውን ልጅ የምትመስል ሰው ስትናገር ነው።

እኔም በዚህ ነገር ጥፋት ሠርቻለሁ። በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ አንዲት የቅርብ ጓደኛዬ ክትባቱን እንደምትፈራ ስትነግረኝ፣ ቃሏን ሳትጨርስ ቁጥር በቁጥር ላይ ደራረብሁባት። ዝም አለች፤ እኔም ዝምታዋን እንደ መስማማት ቆጠርሁት። ፍርሃቷ እናቷ በአንድ መድኃኒት አለርጂ ለሞት ደርሰው ከነበሩበት ጊዜ ጋር የተያያዘ መሆኑን ያወቅሁት ከወራት በኋላ ነው። ያን ጊዜ ያስፈልጋት የነበረው የእኔ ክርክር ሳይሆን ስለ አለርጂ ሊያማክራት የሚችል ሐኪም ነበር፤ ያንን ለማወቅ ደግሞ «ምኑ ነው የሚያስፈራሽ?» የሚል አንድ ጥያቄ ይበቃኝ ነበር።

ስለዚህ ከእህትዎ ጋር ሲቀመጡ የክትባቱን ወሬ ለጊዜው ይተዉትና ስለዚያ ልጅ ይጠይቋቸው። ያን ቀን ምን እንደሆነ፣ ማን ምን እንዳላቸው፣ ምን ሊነገራቸው ይገባ እንደነበር ይናገሩ። እርስዎ ታናሽ ስለሆኑ ምናልባት እስከ ዛሬ ሙሉውን አልሰሙት ይሆናል። ሲጨርሱ «እትዬ፣ እኔም ፈርቻለሁ፤ ስለዚህ ዝም ብዬ አልፈርምም፤ ሄጄ ልጠይቅ ነው፤ ከእኔ ጋር ነዪ» ይበሏቸው። ይህን ማለት ማስመሰል አይሆንብዎትም፤ ደብዳቤዎ እንደሚነግረኝ እውነትም ፈርተዋል። እሳቸውን «ተሳስተሻል» ከማለት ይልቅ አብረው የሚሄዱ ምስክር አድርገው መጥራት፣ ያሳደጉዎትን ሰው ክብርም ይጠብቃል።

ስለ ቪዲዮዎቹ ብዙ አልልም። በአንዱ ላይ የሚናገረው ሰው ማን እንደሆነ፣ የት እንደሚሠራ፣ የሚለውን ነገር የት ሄደው ማረጋገጥ እንደሚችሉ ካላወቁ፣ ማታ ማታ እሱን ማየት ጥያቄዎን አይመልስልዎትም፤ እንቅልፍዎን ብቻ ይወስዳል። በአእምሮዎ የቀረውን አስፈሪ ነገር ግን በወረቀት ላይ ይጻፉትና ለባለሙያው ያቅርቡት። በወረቀቱ ላይ እነዚህም ቢጨመሩ መልካም ነው፦ የሚሰጠው የትኛው ክትባት ነው? ስንት ጊዜ ነው የሚሰጠው? የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ ለዚህ ዕድሜ አንድ ጊዜ መከተብም በቂ ሊሆን እንደሚችል ስላሳወቀ፣ አሠራሩ ከቦታ ቦታ ይለያያል። ማታ ላይ ብትታመም ለማን እንደውላለን? ጉዳት ቢደርስ የሚመዘገበው የት ነው፣ ውጤቱንስ ለእኛ የሚነግረን ማን ነው? ይህ የመጨረሻው ጥያቄ በተለይ የእህትዎ ነው። ባለሙያው ቢቆጣ ወይም «ይህን መጠየቅ አያስፈልግሽም» ቢልዎ፣ ክትባቱን ሳይሆን ባለሙያውን ይቀይሩ።

ልጅዎን ሲያስከትቡ እግረ መንገድዎን ስለራስዎም ይጠይቁ። ክትባቱ ለእሷ ነው፤ 30 ዓመት ያለፋቸው ሴቶች ግን የማህፀን በር ቅድመ ካንሰር ምርመራ እንዲያደርጉ ይመከራል፤ ልጅዎም ብትከተብ ለምርመራው ዕድሜ ስትደርስ ምርመራው አይቀርላትም፣ ክትባቱ ሁሉንም የቫይረስ ዓይነቶች አይሸፍንምና።

እህትዎ አብረው ለመሄድ እንቢ ሊሉ ይችላሉ፤ ሰምተው ተመልሰውም በሐሳባቸው ሊጸኑ ይችላሉ። ያን ጊዜ ውሳኔው የእርስዎና የባለቤትዎ መሆኑን በአክብሮት ይንገሯቸው፤ ሳይነግሯቸው ደብቀው ማስከተብ ግን አይገባም፤ በኋላ የሰሙት ዕለት፣ ከዓመታት በፊት ሐኪም ቤቱ የነፈጋቸውን ቃል እርስዎም እንደነፈጓቸው ይቆጥሩታል። አብረዎት ከሄዱ ደግሞ ወረቀቱን ለእሳቸው ይስጧቸውና የመጀመሪያውን ጥያቄ እሳቸው እንዲጠይቁ ይተዉላቸው።